ቦክሱ ከመገዛቱ በፊት

በዓል ሲቃረብ ከሆለታ እስከ ባኮ ባሉት ከተሞች፣ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ በር ላይ አንድ ዓይነት ክርክር ይሰማል። ባል "ከተገዛ አይቀር ትልቅ ስማርት ቲቪ ይሁን" ይላል። ሚስት "ያለው ምን ሆነ? ቦክስ ብቻ ይጨመርለት" ትላለች። ልጅ ስልኩን አውጥቶ ቴሌግራም ላይ ዋጋ ያወዳድራል። ሻጩ በትልቁ "4ኬ" ተብሎ የተጻፈበትን ትንሽ ጥቁር ሣጥን ከመደርደሪያ ያወርድና "ይኼ ዓለምን በሙሉ ያሳያል፤ ወርኃዊ ክፍያ የለውም" ይላል። ይከፈላል፣ በፌስታል ይገባል፣ ወደ ቤት ይኬዳል።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የአባት የኢንተርኔት ፓኬጅ በሦስት ቀን ያልቃል። ፊልሙ ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆምና አንዲት ክብ ነገር መሽከርከር ትጀምራለች። ልጆቹ ወደ ዲሹ ይመለሳሉ። ሣጥኑ ከቲቪው ጀርባ አቧራ ይለብሳል።

ሻጩ ያለውን ሸጠ፤ ቤተሰቡም ገንዘቡን በገዛ ፈቃዱ አወጣ። ስህተቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ለቤት ቴሌቪዥን ኢንተርኔት ላስገባ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሣጥኑን ነው፤ መሆን የነበረበት ግን ሣጥኑ የመጨረሻው ውሳኔ ነው። ከሱ በፊት የሚመለሱ አራት ነገሮች አሉ፦ መስመሩ፣ መብራቱ፣ ቤቱ በእውነት የሚያየው ነገር፣ እና ቤቱ የራሱ አድርጎ የሚይዘው ነገር።

ዲሽ አንዴ፣ ዳታ በየሰዓቱ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቤት ቴሌቪዥን ለማየት ያወጣው ወጪ ጠባይ ብዙም አልተለወጠም። መጀመሪያ አንቴና ነበር። ቀጥሎ ዲሽ መጣ፤ ሳህኑ፣ ሪሲቨሩ፣ የዲሽ ሠሪው የእጅ ዋጋ አንዴ ይከፈላል፣ ከዚያ ቤተሰቡ ጧት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ቢያይ ተጨማሪ ሳንቲም የለም። ጣቢያዎቹ ከናይልሳት አቅጣጫ ወደ ኢትዮሳት፣ ማለትም 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው ሳተላይት ሲዛወሩ እንኳ ሰው ያወጣው ሳህኑን የማዞሪያ ዋጋ ነበር። ያም አንዴ ነው።

ኢንተርኔት ይህን ልማድ ገለበጠው። ዩቲዩብም ሆነ ኔትፍሊክስ በየሰዓቱ ያስከፍላል፤ ክፍያውን የሚቀበለው ሌላ ስለሆነ ብቻ አይታይም። እንደ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል።

ሒሳቡ ይሠራ። ኔትፍሊክስ ራሱ ለደንበኞቹ እንደሚገልጸው፣ በመደበኛ ጥራት አንድ ሰዓት ማየት እስከ 0.7 ጊጋባይት ይበላል። ኤችዲ ከሆነ እስከ 3 ጊጋባይት። 4ኬ ከሆነ እስከ 7 ጊጋባይት። በቀን ሁለት ሰዓት የሚያይ ቤት በወር 60 ሰዓት ያያል። በመደበኛ ጥራት ይህ 42 ጊጋባይት ነው። በኤችዲ 180። በ4ኬ 420።

አሁን እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ይዞ ጉደር ወይም ጌዶ ያለ አንድ መምህር ስልኩ ላይ ካለው የፓኬጅ ዝርዝር ጋር ያስተያያቸው። ቦክሱ ርካሽ ነው ወይ ውድ ነው የሚለው ጥያቄ ወዲያው ትንሽ ይሆናል። ቦክሱ የሚገዛው አንድ ጊዜ ነው። ፓኬጁ ግን በየወሩ ይመጣል፣ ያውም ከጤፍና ከቤት ኪራይ ጋር እየተጋፋ።

በዚህ ላይ ቴሌቪዥን ላይ ያለ ዩቲዩብ እንደ ስልክ ቁጥብ አይደለም። ስክሪኑ ትልቅ መሆኑን ያውቃል፤ መስመሩ እስከቻለ ድረስ ጥራቱን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ በስልክ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ዳታ ቲቪው ላይ በአንድ ቅዳሜ ሊያልቅ ይችላል። መፍትሔው ነፃ ነው፦ በማጫወቻው ቅንብር ውስጥ ጥራቱን 480 ላይ ማውረድ። ባለ 32 ኢንች ቲቪ ከሦስት ሜትር ርቀት ሲታይ በ480 እና በ1080 መካከል ያለው ልዩነት ለዜናና ለድራማ ያን ያህል አያስቆጭም። ለኳስ ያስቆጫል። ለኳስ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ ወደ እሱ እንመጣለን።

መስመሩ የሚለካው ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ነው

"አሁን እኮ ፎርጂ አለ፣ ፋይበርም እየገባ ነው፣ ይህ የድሮ ሒሳብ ነው" የሚል ይኖራል። ግማሽ እውነት አለው። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ሳፋሪኮም ገብቶ ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን መሆኑ ቀርቷል፤ መስመሩም ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ጋር አይወዳደርም። ቤቱ ድረስ ገመድ ተዘርግቶለት ባለ ገደብ የለሽ ውል የያዘ ሰው ከላይ ያለው የጊጋባይት ሒሳብ አያስጨንቀውም። እሱ በነፃነት ያይ።

ግን ምዕራብ ሸዋ አንድ ቦታ አይደለም። አምቦ መሀል ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያለ ቤት እና ጥቁር እንጭኒ ወይም ጀልዱ ያለ ቤት አንድ መስመር የላቸውም። አንድ ከተማ ውስጥ እንኳ ከኮረብታው ጀርባ ያለ ሰፈርና አስፋልት ዳር ያለ ሰፈር ይለያያሉ። ስለዚህ የጓደኛ ምስክርነት አይበቃም፤ የራስ ቤት መለካት አለበት።

አለካኩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ለክቶ "20 ሜጋቢት አለኝ" ይላል። በዚያ ሰዓት ሰው ሥራ ላይ ነው፣ ተማሪ ክፍል ውስጥ ነው። ትክክለኛው ሰዓት ምሽት ሁለት ሰዓት ነው፤ ሁሉም እራት በልቶ ስልኩን የሚያነሳበት ጊዜ። ለሦስት ቀን፣ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ቲቪው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ሆኖ መለካት። ለ720 ጥራት የሚያስፈልገው 3 ሜጋቢት በሰከንድ ያህል ነው። ለ1080፣ 5 ያህል። ለ4ኬ 15 እና ከዚያ በላይ። ምሽት ላይ ከ3 በታች የሚወርድ ቤት ባለ 4ኬ ሣጥን ገዛ ማለት ለጭቃ መንገድ የሩጫ መኪና ገዛ ማለት ነው።

"ሁሉንም በነፃ" የሚለው ሣጥን

ሻጩ "ክፍያ የለውም" ያለው ሣጥን ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ያለው ጉዳይ ከገንዘብ ብክነት ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ አንድ ካናዳዊ የኮምፒውተር ባለሙያ "ቲ95" የሚባል ርካሽ የአንድሮይድ ሣጥን ገዝቶ ሲመረምር፣ ሣጥኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ አደገኛ ሶፍትዌር ተጭኖበት አገኘ። ገዢው ምንም አላወረደም፤ ገና ካርቶኑ ሲከፈት በውስጡ ነበር። በዚያው ዓመት የጸጥታ ተመራማሪዎች ሰፋ ያለ ተመሳሳይ መረብ አግኝተው "ባድቦክስ" አሉት። በግንቦት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ስለ ሁለተኛው ዙር ባድቦክስ ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ተመራማሪዎቹ ከ1 ሚሊዮን በላይ መሣሪያዎች ተበክለው አግኝተዋል። አብዛኞቹ በየገበያው የሚሸጡ፣ ስም የለሽ፣ በጉግል ያልተረጋገጡ ዕቃዎች ነበሩ።

እንዲህ ያለ ሣጥን ምን ያደርጋል? ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ የቤቱን መስመር ለማያውቁት ሰው ማከራየት ነው። አንድ ሌባ ሌላ አገር ቁጭ ብሎ ሲሠራ፣ ሥራው ከዚያ ቤት የወጣ ይመስላል። ዳታውም የሚቆረጠው ከዚያው ቤት ነው። በጊጋባይት ለሚከፍል ሰው ይህ ማለት ማታ ቲቪው ጠፍቶ፣ ሰው ተኝቶ፣ ፓኬጁ ይበላል ማለት ነው። ያው ሣጥን አባት ቴሌብር የሚያንቀሳቅስበት ስልክ ያለበት ዋይፋይ ውስጥ ነው የተቀመጠው።

መለያዎቹ ከባድ አይደሉም። "የሁሉም አገር ቻናል በነፃ ይከፍታል" እየተባለ የሚሸጥ፣ አምራቹ በግልጽ የማይታወቅ፣ ሲከፈት "ፕሌይ ፕሮቴክትን አጥፋ" የሚል፣ ወይም ከጉግል መደብር ውጪ ከሌላ መደብር ብቻ እንዲወርድበት የሚያደርግ ሣጥን ቢቀር ይሻላል። የአንድሮይድ ቲቪ ድረ ገጽ ላይ ፈቃድ ያላቸው አምራቾች ዝርዝር አለ፤ ከመግዛት በፊት በስልክ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ሌላም አለ። "4ኬ" የሚለው ጽሑፍ ራሱ ብዙ ጊዜ የሚያሳስት ነው። ኔትፍሊክስ ባልተረጋገጠ ሣጥን ላይ ወይ አይከፈትም፣ ወይ ጥራቱን ዝቅ አድርጎ 480 አካባቢ ብቻ ያሳያል። ስለዚህ ርካሹን የገዛ ሰው የከፈለበትን ጥራት በሣጥኑ አያገኝም።

ታዲያ ምን ይገዛ? ብዙ ቤት መልሱ ምንም ነው። ቲቪው ስማርት ከሆነና ዩቲዩብ ከከፈተ ሣጥን አያስፈልገውም። ስማርት ካልሆነ ግን ኤችዲኤምአይ መሰኪያ ካለው፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ በአንድ ኬብል ይበቃዋል። ይህም ከሌለ፣ ከታወቀ አምራች የሆነች አንዲት ትንሽ ስቲክ።

ስልክን በኬብል ከቲቪ ጋር ማገናኘት የሚፈልግ ደግሞ ኬብሉን ከመግዛቱ በፊት በስልኩ ይሞክረው። በብዛት የሚሸጡት ርካሽ ስልኮች ቻርጅ ማድረጊያቸው ታይፕ ሲ ቢሆንም ምስል አያወጡም። ኬብሉ ትክክል ነው፣ ስልኩ አይችልም፤ ብሩ ግን ሄዷል።

ዋይፋይ እና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያድነው እውቀት ይህ ነው። ዋይፋይ ማለት በቤት ውስጥ ያሉ ዕቃዎች የሚነጋገሩበት መንገድ ነው። ኢንተርኔት ከቤት የሚወጣው መንገድ ነው። ሁለተኛው ቢዘጋም የመጀመሪያው ይሠራል፤ ምንም ዳታም አይቆርጥም።

አንድ ልጅ የሚወደውን የግማሽ ሰዓት ካርቱን ስንት ጊዜ ያየዋል? ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል፤ 40 ጊዜ ቢባል ማጋነን አይደለም። በመደበኛ ጥራት ከኢንተርኔት 40 ጊዜ ቢታይ 14 ጊጋባይት ነው። አንዴ ቤት ገብቶ ቢቀመጥ ከ0.4 ጊጋባይት በታች ነው። ይህን ሒሳብ የሠራ ቤተሰብ ሣጥን ከመግዛቱ በፊት ሃርድ ዲስክ ይገዛል።

ባለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ በመደበኛ ጥራት ከ1,000 ሰዓት በላይ ቪዲዮ ይይዛል። ቲቪው ዩኤስቢ ካለው ሌላ ምንም አያስፈልግም። ሁለት ክፍል ላይ ቲቪ ያለው ቤት ወይም በስልክም ማየት የሚፈልግ ቤተሰብ ደግሞ አሮጌውን ላፕቶፕ የቤት ቪዲዮ ማከማቻ ሊያደርገው ይችላል። "ጄሊፊን" የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የተጀመረ፣ ነፃና ክፍት ምንጭ፣ አካውንት የማይጠይቅ። ላፕቶፑ ላይ ይጫናል፣ የፊልሞቹ ፎልደር ይነገረዋል፣ ከዚያ ቲቪውም ስልኩም በቤቱ ዋይፋይ ከሱ እየወሰዱ ያያሉ። ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል።

ተማሪ ያለው ቤት ከዚህም ይጠቀማል። "ኮሊብሪ" የሚባለው ነፃ የትምህርት ሶፍትዌር የተሠራው ኢንተርኔት ለሌለበት ቦታ ነው። የካን አካዳሚን ትምህርቶች ጨምሮ አንዴ ፈጣን መስመር ባለበት ቦታ ይወርዳል፣ ከዚያ ቤት ውስጥ ያለ ዳታ ይታያል። የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቅ ልጅ ባለበት ቤት ይህ ከየትኛውም የፊልም ሣጥን ይበልጣል።

ሃርድ ዲስክም የራሱ ጣጣ አለው፤ ቀድሞ የሚታወቅ ግን ነው። በአሮጌው "ፋት 32" አሠራር ፎርማት የተደረገ ዲስክ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። አዲሱ የኤች.265 አጨማመቅ የፋይሉን መጠን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ነገር ግን የቆዩ ቲቪዎች አይከፍቱትም። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በሠራቸው ቲቪዎች "ዲቲኤስ" የሚባለው የድምፅ ዓይነት አይሠራም፤ ምስሉ ይመጣል፣ ድምፅ የለም፣ ሰውም ቲቪው የተበላሸ ይመስለዋል። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የትርጉም ጽሑፍም አንዳንድ ቲቪ ላይ ባዶ ካሬ ካሬ ሆኖ ይታያል። በቁቤ የተጻፈው የአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ ግን ላቲን ስለሆነ ያለ ችግር ይነበባል።

ለዚህ ሁሉ አንድ ቀላል መድኃኒት አለ፦ ፍላሽ ይዞ ሱቅ መሄድ። ፍላሹ ላይ አንድ ኤች.265 ፋይል፣ አንድ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ፣ አንድ አማርኛ ጽሑፍ ያለው ይጫን። ሻጩ ይሰካው። ከከፈተ ይገዛ፣ ካልከፈተ ምስጋና አቅርቦ መውጣት ነው። "ቤት ገብተህ ስታስተካክለው ይሠራል" የሚለውን ቃል የሰማ ብዙ ሰው አሁንም እያስተካከለ ነው።

መብራት ሲሄድ

መብራት በመጣና በሄደ ቁጥር መጀመሪያ የሚጎዳው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ነው። እየዞረ ሳለ ድንገት ሲቆም ፋይሎች ይበላሻሉ፣ ሲደጋገም ዲስኩ ራሱ ይሞታል። ስለዚህ የሰርግ፣ የምረቃ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ወላጆች ያሉበት ቪዲዮ አንድ ዲስክ ላይ ብቻ መቀመጥ የለበትም። ሁለተኛ ቅጂ ይሠራለትና ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ከመሰኪያ የራቀ ዲስክ መብራት አይጎዳውም።

አሮጌ ላፕቶፕ ከሣጥን የሚሻልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ባትሪው ደከም ያለ ቢሆንም መብራት ሲሄድ በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል። ቲቪውን ደግሞ በስታቢላይዘር ማገናኘት ነው። ቲቪ፣ ሪሲቨር፣ ሣጥን፣ ቻርጀር፣ አንዳንዴም ምጣድ በአንድ ርካሽ ዲቫይደር ላይ የሚሰካበት ቤት ስለ ምስል ጥራት ከመጨነቁ በፊት ስለ እሳት ይጨነቅ።

ኳሱ፣ ኔትፍሊክሱ እና ሚኒሶታ ያለው ወንድም

ኳስ ለሚወድ ቤት ዲሽ አሁንም አቻ የለውም። ዲኤስቲቪ ወርኃዊ ክፍያ አለው፤ ነገር ግን ዳታ አይበላም፣ ጥራቱም በመስመሩ መጨናነቅ አይወርድም። በኢንተርኔት የሚመጣ የቀጥታ ሥርጭት ከሳተላይቱ ኋላ የመቅረት ጠባይ አለው። በስልክ ኳስ እያየ የጎረቤቱን "ጎል!" ቀድሞ የሰማ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ከዚያ ይልቅ ሦስት ጓደኛሞች ተዋጥተው በአንድ ቤት ማየታቸው ይሻላል፤ ኳስ ለብቻ አይጥምም።

ኔትፍሊክስ ኢትዮጵያ ውስጥ የተከፈተው በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ከ130 ከሚበልጡ አገሮች ጋር በአንድ ቀን ነው። ክፍያው ግን በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ለአብዛኛው ሰው በሩ ገርበብ እንዳለ ቀረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ በሩ ይበልጥ ጠበበ።

ስለዚህ ብዙ ቤት የሚጠቀመው ውጭ ባለ ዘመድ አካውንት ነበር። ይህም መንገድ እየተዘጋ ነው። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ አንድ አካውንት ለአንድ ቤት ብቻ ነው የሚል ሕግ እያስከበረ ይገኛል። ሚኒሶታ ባለ ወንድም አካውንት የሚሠራ አምቦ ያለ ቲቪ አንድ ቀን "ይህ ቤት የአካውንቱ ቤት አይደለም" ሊባል ይችላል። በዘመድ አካውንት ተማምኖ ውድ ስቲክ መግዛት በሰው ማሳ ላይ ጎተራ መሥራት ነው።

ቤት ያለ ነገር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። በማግስቱ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለሦስት ሳምንት ገደማም እንዲሁ ቆየ። ሃጫሉ የአምቦ ልጅ ነው፤ ሰኔ 25 የተቀበረውም እዚያው ነው። የትውልድ ከተማው በሐዘን ላይ በነበረችባቸው በእነዚያ ቀናት፣ ዘፈኖቹን በኢንተርኔት ብቻ የሚያውቃቸው ሰው ሊከፍታቸው አይችልም ነበር። በፍላሽ፣ በሜሞሪ ካርድ፣ በሲዲ የያዘ ግን ይዟል። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎም ከምዕራብ ሸዋ ቀጥሎ ባሉት የወለጋ ዞኖች አገልግሎቱ ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ ነበር።

ይህ ለፖለቲካ ክርክር የተነሣ አይደለም። አንድ ቤት ሙዚቃውን፣ መዝሙሩን፣ የልጆቹን ትምህርት፣ የቤተሰቡን ትዝታ የት ነው የሚያስቀምጠው የሚል ጥያቄ ስላለበት ነው። በሌላ ሰው ማሽን ላይ ያለ ነገር ፓኬጅ ሲያልቅ ይሄዳል፣ መስመር ሲቆረጥ ይሄዳል፣ ባለቤቱ ኩባንያ ሐሳቡን ሲለውጥም ይሄዳል። ዲስክ ላይ ያለ ነገር መብራት እስካለ ድረስ አለ።

"እንግዲያውስ ፊልም ማስጫኛ ቤት ሄዶ ዲስኩን መሙላት ነዋ" የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በየከተማው ፍላሽ ተቀብሎ ፊልም የሚጭን ሱቅ አለ፤ ለብዙ ቤተሰብ እውነተኛው "ስትሪሚንግ" እሱ ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የተቀዳው ፊልም ባለቤትም አለው። የሆሊውድ ኩባንያ ጉዳቱ ላይሰማው ይችላል። አንድ የአፋን ኦሮሞ ፊልም ከተበደረ ገንዘብ የሠራ ወጣት ግን በእያንዳንዱ ቅጂ ይጎዳል። ገበያው ጠባብ ነው። ሁሉም በፍላሽ ካየው ሁለተኛ ፊልም አይሠራም። ያኔ ያው ሰው ዞሮ "ምነው በቋንቋችን የሚታይ ነገር ጠፋ?" ይላል።

ስለዚህ ዳታ የሚወጣ ከሆነ ለዚህ ይውጣ። የአገር ልጅ ሥራውን በራሱ ዩቲዩብ ቻናል ካወጣ እዚያው ሄዶ ማየት፣ እይታው እንዲቆጠርለት ማድረግ። በሲዲ ወይም በሲኒማ ከሸጠ መግዛት። ዲስኩ ደግሞ የራስ የሆነውን፣ የተገዛውንና ባለቤቱ በነፃ የለቀቀውን ይያዝ። ይህ ብቻውን ዲስኩን እንደሚሞላ የራሱን ስልክ ጋለሪ የከፈተ ሰው ያውቃል።

ቅደም ተከተሉ

አንድ የጉደር ወይም የጊንጪ ቤተሰብ በመጪው በዓል ገንዘብ ይዞ ሊወጣ ነው እንበል። ዲሹን አያውርደው፤ በጊዜ ብዛት የቤቱን አብዛኛውን ሰዓት የሚሸፍነው እሱ ነው። ከዚያ ስታቢላይዘር። ከዚያ ሃርድ ዲስክ፣ ከተቻለም ሁለተኛ ለመጠባበቂያ። ከዚያ ሦስት ምሽት መስመሩን መለካት። ሣጥን ወይም ስቲክ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ቲቪው ራሱ የማይችል ከሆነ ብቻ፣ ያውም ከታወቀ አምራች። የቲቪው መጠንና "4ኬ" የሚለው ቃል ከዝርዝሩ ግርጌ ይቀመጣሉ።

ነገሩ አዲስ አበባ ባለ ገደብ የለሽ ፋይበር ቤት ውስጥ ሲነበብ ወደ ኋላ የቀረ ይመስል ይሆናል። ግን ማስታወቂያው፣ የዩቲዩብ ግምገማው፣ የሣጥኑ ካርቶን ሁሉ የተጻፈው ለዚያ ቤት ነው። ለጥቁር እንጭኒ ቤት የጻፈ የለም። የዚያ ቤት ባለቤት በሌላ ሰው መስመርና በሌላ ሰው ደመወዝ የተሠራ ምርጫ ገልብጦ ሲገዛ፣ ልዩነቱን በየወሩ የሚከፍለው ራሱ ነው።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ሣጥኑ ከመደርደሪያው አይጠፋም፤ ነገም እዚያው አለ። ዛሬ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መስመሩን ለክቶ መተኛት ግን ምንም አያስከፍልም።